ለማዳበሪያ የማይጠፋ ስም ለእስረኛ ለምን ይጠፋል?

የጉና ገበሬ በመዝገብ የተከበበ ሰው ነው።

ፋርጣ ላይ ገብስና ድንች የሚያመርት አንድ አባወራ በስንት ዝርዝር ላይ እንደሚገኝ ቁጠሩ። በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ከሚስቱ ስምና ከሁለቱም ፎቶ ጋር አለ። በመሬት ግብር ደረሰኙ ላይ አለ። ማዳበሪያ ሲከፋፈል ስሙና የሚወስደው ኩንታል ይመዘገባል። የጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያው ላይ የቤተሰቡ ስም ተዘርዝሯል። ጎረቤቱ ፎገራ እንዲያውም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ወረዳዎች አንዷ ናት። ቤቱ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እብናት ከሆነ ደግሞ በሴፍቲኔት ዝርዝር ላይ ስንት ነፍስ እንደሚያስተዳድር ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

መንግሥት ይህን ሰው ያውቀዋል። ዕዳውን፣ ማሳውን፣ ልጆቹን ያውቃል።

ይህ ሰው አንድ ሌሊት ከቤቱ ሲወሰድ ግን የሚያውቀው ይጠፋል። ሚስቱ ቀበሌ ትሄዳለች፣ «እኛ አናውቅም» ትባላለች። ወረዳ ፖሊስ ትሄዳለች፣ «እኛ ጋ የለም» ትባላለች። ስንቋን ቋጥራ ደብረ ታቦር ትወርዳለች፣ «ምናልባት ባሕር ዳር» ትባላለች። ለግብር፣ ለማዳበሪያና ለስብሰባ ስሙን የሚያገኝ መንግሥት፣ ለእስር ሲሆን ስሙን ያጣዋል።

ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነፃነትና ስለ እኩልነት ብዙ ይነገራል። ስብሰባ ይጠራበታል፣ ሰነድ ይጻፍበታል፣ ባነር ይሰቀልበታል። በጉና ዙሪያ ግን የሦስቱም መለኪያ አንድ ቀላል ነገር ነው፤ የታሰሩ ሰዎች የስም ዝርዝር።

*ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያዘዘው ዝርዝር*

ይህ የማንም ተቃዋሚ ጥያቄ አይደለም። የውጭ ድርጅት ምክርም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይደነግጋል። አዋጁ ሲጸድቅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲያቋቁም ያዛል። ለዚህ ቦርድ ከሰጣቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር፣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ ማድረግ ነው።

ልብ በሉ። ሕጉ «ብዛታቸውን» አላለም። «ስማቸውን» ነው ያለው። «በጥቅሉ በጸጥታ ማደፍረስ የተጠረጠሩ» ብሎም አላለፈውም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምክንያት እንዲጻፍ ነው ያዘዘው።

የአማራ ክልልን ግጭት ተከትሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው፤ የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን የምትጋራው በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዘመ። በጠቅላላው አሥር ወር መሆኑ ነው።

በእነዚህ አሥር ወራት መግለጫ ተሰጥቷል፣ ጉብኝት ተደርጓል፣ ቁጥር ተጠቅሷል። አንዲት የእስቴ እናት ሄዳ ጣቷን የምታሳርፍበት፣ ካላነበበች ልጇን የምታስነብብበት ዝርዝር ግን በወረዳዋ ሰሌዳ ላይ አልወጣም። የማዳበሪያ ዝርዝር የሚለጠፍበት ግድግዳ ለእስረኞች ስም ጠቦ አልነበረም። የጠበበው ፈቃዱ ነው።

*ቁጥር ሰው አይሆንም*

«ቁጥሩ ተነግሯል፣ ስም ለምን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች አስታውሱ። አብዛኞቹ ከአማራ ክልል የሄዱ ሴት ልጆች ነበሩ። በጥር ወር መንግሥት 21 ተማሪዎች መለቀቃቸውን፣ 13ቱ ሴቶች 8ቱ ወንዶች መሆናቸውን ተናገረ። ቁጥር ተሰጠ፤ በጾታም ተከፋፈለ። ወላጆች ግን «የእኔ ልጅ ከየትኞቹ ናት?» አሉ፤ መልስ አላገኙም። ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ በየከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ከወራት በኋላም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እየጠበቁ ነበር።

ቁጥር ያለ ስም ሲነገር እንዲህ ነው የሚሆነው። የሚናገረውን ይገላግላል፤ የሚሰማውን አያሳርፍም። ቁጥርን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ሊያስተባብለውም አይችልም። ስምን ግን እናት ታረጋግጠዋለች። መንግሥት ስም መጥራት የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ስም የጠራ ተጠያቂ ይሆናል።

ከዚያም በፊት፣ በ2009 ዓ.ም. በነበረው አስቸኳይ ጊዜ፣ የያኔው መርማሪ ቦርድ 11,607 ሰዎች መታሰራቸውን በኅዳር ወር አስታውቆ ነበር። ሕዝቡ ጆሮ ላይ የቀረው ግን ይኸው ቁጥር ብቻ ነው። ከአሥራ አንድ ሺሕው ውስጥ የራሱን ሰው ዕጣ የሚያውቀው በየእስር ቤቱ በር ላይ ቆሞ የከረመ ቤተሰብ ነው።

*ስም ከሌለ ሌላው መብት ሁሉ ወረቀት ነው*

የስም ዝርዝር ጥቃቅን የቢሮ ጉዳይ የሚመስለው ካለ የሕጉን አሠራር ይመልከት።

ሰው ያለ አግባብ ታሰረ ሲባል የኢትዮጵያ ሕግ መድኃኒት አለው፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይባላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 177 ይደነግገዋል። የታሰረው ሰው ራሱ መቅረብ ባይችል ሌላ ሰው ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤቱም ያሰረውን አካል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንዳሰርኸውም አስረዳ» ብሎ ያዛል።

ነገር ግን አቤቱታው ላይ ምን መጻፍ አለበት? ሰውየው በማን እጅ እንዳለ፣ የት እንደታሰረ። ሚስቱ ይህን ካላወቀች ጠበቃው ምን ብሎ ይጽፋል? «አንድ ያልታወቀ አካል፣ በአንድ ያልታወቀ ቦታ» ይበል? ፖሊስን ቢከስ ፖሊስ «እኔ ጋ የለም» ይላል። መከላከያን ቢከስ የት ካምፕ እንደሆነ ይጠየቃል። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ማን ይጎበኘዋል? አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ ይህ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ የማይታገድ መብት ነው። መኖሩ ያልተመዘገበ እስረኛ ቢደበደብ ማን ይመሰክርለታል?

የሕጉ በር በስም ነው የሚከፈተው። ስሙን የደበቀ፣ ሕጉን ሳይሽር ሕጉን ዘግቶታል።

*ስመ ጥሩውና ስሙ ያልተሰማው*

አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም ካላቸው መብቶች መካከል አንቀጽ 25 አለ፤ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ ከታሰሩት መካከል የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ክርስቲያን ታደለና የአማራ ክልል ምክር ቤት አባል ዮሐንስ ቧያለው ይገኙበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካይ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። የእነዚህ ሰዎች ያለመከሰስ መብት የተነሳው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ እስር፣ ቀጥሎ ፈቃድ፤ ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ።

ይህ በራሱ በደል ነው። ሆኖም የእነሱን ስም አገር ያውቀዋል። ጋዜጠኛ ጠይቆላቸዋል፣ የመብት ድርጅት መግለጫ አውጥቶላቸዋል፣ ጠበቃ ቆሞላቸዋል። በዚያው ወር የታሰረው የእብናት ገበሬ፣ የወረታው ባጃጅ ነጂ፣ የነፋስ መውጫው መምህርስ? ስሙን ከቤተሰቡ በቀር ማንም አላነሳውም። የምክር ቤት አባል ያለ ፈቃድ በሚታሰርበት አገር ገበሬ ምን ዋስትና አለው?

እዚህ ላይ የተማረውም ሰው ራሱን ይመርምር። ታዋቂ ሰው ሲታሰር ፎቶውን የሚለጥፍ፣ የማይታወቀው ሲታሰር ግን «አጣርቶ ቢሆን ነው» ብሎ የሚያልፍ፣ አንቀጽ 25ን ከመንግሥት እኩል ጥሷል።

*አዋጁ አለቀ፤ እስሩስ?*

አዋጁ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሕጉ ከዚህ የሚቀንሰው ለጉዞ በግምት የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገር ግን ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በሙሉ የጅምላ እስር ዘመቻ ተካሄደ። ከታሰሩት ውስጥ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግና የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደነበሩበት የመብት ድርጅቶች አስታውቀዋል። ሰዎች በዳንግላ፣ በኮምቦልቻ፣ በሸዋሮቢትና ጭልጋ አካባቢ ባለው ሰራባ ካምፖች ውስጥ ያለ ክስ ከረሙ።

ነገሩን አስተውሉ። አዋጅ የለም፤ ስለዚህ መርማሪ ቦርድም የለም። ቦርድ ከሌለ ስም የሚያወጣ የለም። በሌላ በኩል 48 ሰዓቱም አልተከበረም። ሰውየው ከአዋጁም ከመደበኛው ሕግም ውጭ ቀረ። አስቸኳይ ጊዜ ሲኖር «አዋጅ ነው» ይባላል፤ ሲያልቅ «ሕግ ማስከበር ነው» ይባላል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ለጉና ገበሬ በሩን የሚያንኳኳው ያው ነው። ዳኛው ራሱ ከታሰረ ደግሞ ገበሬው ወዴት ይጮኻል?

*«ጦርነት ነው» ለሚሉ*

«አገር በጦርነት ላይ እያለች ስም ዘርዝሩ ማለት የዋህነት ነው፣ ለጠላት መረጃ መስጠት ነው» የሚል ክርክር አለ። በቁም ነገር ሊመለስ ይገባል።

አንደኛ፣ አንቀጽ 93 ለሰላም ጊዜ የተጻፈ አይደለም። ለወረራ፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ለሚጥል ሁኔታ፣ ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ የተጻፈ ነው። ሕግ አውጪው ጦርነትን አስቦ፣ በጦርነት ውስጥ «ስም ይፋ ይሁን» አለ።

ሁለተኛ፣ ዓለም ለጠላት ወታደር እንኳ ስም አይነፍግም። ኢትዮጵያ የተቀበለቻቸው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነቶች የተማረከ ወታደር እንዲመዘገብና ወሬው ለቤተሰቡ እንዲደርስ ያዛሉ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩትን ቀይ መስቀል መዝግቧል፤ ጎብኝቷል፤ ደብዳቤያቸውን አድርሷል። ታንክ ይዞ ድንበር የተሻገረ ወታደር ያገኘውን መብት፣ ሞፈር የያዘ የአገሩ ገበሬ የሚነፈግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ ሚስጥሩ ከማን ነው? ታጣቂው የታሰረበትን ጓዱን ያውቃል። የማታውቀው ሚስቱ ናት። ዝርዝሩ ሲደበቅ የሚጨልመው በጠላት ላይ ሳይሆን በቤተሰብ ላይ ነው።

*ጫካ ያለውም ከዚህ አያመልጥም*

ይህ ጥያቄ ለመንግሥት ብቻ የሚቀርብ የሚመስለው ተሳስቷል።

ታጣቂዎች የመንግሥት ሠራተኛን፣ መምህርን፣ «ባንዳ» ያሉትን ሁሉ ሲያግቱ፣ ሲያስሩና ሲገድሉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ ገልጿል። ጫካ ውስጥ የታሰረ ሰው የት ነው የተመዘገበው? ማን ፈረደበት? ይግባኙን ለማን ይላል? ለሕዝብ ነፃነት እታገላለሁ የሚል ሁሉ የያዘውን ሰው ስም መጥራት ካልቻለ፣ የሚታገለው ለሌላ እስር ቤት ነው። ቁልፉ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ቢዛወር ለታሳሪው ምኑ ነው?

«እነሱም ያደርጉታል» ደግሞ መልስ አይሆንም። መንግሥት መንግሥት የሆነው በሕግ ስለሚያስር ነው። ያ ከቀረ ከአጋች የሚለየው የደንብ ልብስ ብቻ ይሆናል።

*አባቶች ይህን ያውቁት ነበር*

ስም መጥራትና ፊት ለፊት መቆም ከውጭ የመጣ አሳብ አይደለም። በጥንቱ ሙግት ከሳሽ ተከሳሹን ሲይዝ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ያ ሥርዓት የራሱ ጭካኔ ነበረው። አንድ ነገር ግን አይደበቅበትም ነበር፤ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ። የያዘ ሁሉ ከያዘው ጋር ይታይ ነበር። የጉና እናት የዛሬዋ ሐዘን፣ የልጇ ቁራኛ ማን እንደሆነ አለማወቋ ነው።

«በሕግ አምላክ!» ሲባል ጎራዴ የመዘዘ ሰው የሚቆምበት አገር ነው ይህ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ የሚተርት ሕዝብ ነው። የሚቆጨው የተወሰደበት ነገር ትልቅነት አይደለም፤ ያለ ፍርድ መወሰዱ ነው። እርግጥ ያው ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ»ም ብሏል። ሕገ መንግሥት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ተረት ሁለተኛውን እንዲያሸንፍ ነው።

ታሪኩም ከዚሁ ተራራ ይጀምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሄዱ። መቅደላ ላይ ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን፣ ካሜሮንና ራሳም፣ ስማቸው በለንደን ፓርላማ ተነሥቶ፣ ጦር ተልኮላቸው በሚያዝያ ወር በሕይወት ወጡ። በዚያው ሳምንት በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። የአውሮፓውያኑ ስም በየመጽሐፉ አለ። የገደሉ ሰዎች ስም የት አለ?

ደርግም እንዲሁ አደረገ። የወሰዳቸውን ሰዎች ቤተሰብ ለዓመታት ስንቅ ሲያመላልስ፣ ሰዎቹ ከሞቱ ቆይተው ነበር። የፓትርያርኩ የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም እንኳ የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔ በሕይወት ሳሉ ያልተጠራው ስም፣ በኋላ በጅምላ መቃብር ላይ ከአጥንት ተፈልጎ ተጠራ። ያን ያየ አገር እንደገና ስም መደበቅ አልነበረበትም።

*የሚጠየቀው ይህ ነው*

ዝርዝሩን ማውጣት በጀት አይጠይቅም። አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ኮሚሽንም አይጠይቅም።

በየወረዳው የታሰረ ሰው ስም፣ የተያዘበት ቀን፣ የታሰረበት ቦታ፣ የያዘው አካልና ምክንያቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የዞኑና የወረዳ ፍርድ ቤቶች፣ የታሳሪው ቦታ ባይታወቅም፣ የቤተሰብን አቤቱታ ተቀብለው ፖሊስንም መከላከያንም «በእጅህ አለ ወይስ የለም?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «የለም» ያለ በፊርማው ይጠየቅበት። ከደቡብ ጎንደር ተመርጠው በምክር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ ደግሞ አንቀጽ 93 ያዘዘው ዝርዝር የት እንደደረሰ በስብሰባ ላይ ይጠይቁ። ለመራጫቸው ዕዳ አለባቸው፤ ድምፅ ሲሰጥ የመራጮች ዝርዝር ላይም ስሙ ነበር።

መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። እውነት ይፈለጋል፣ ተጎጂ ይካሳል ይላል። መልካም። ስሙ ያልታወቀ ተጎጂ ግን እንዴት ይካሳል? ነገ ኮሚሽን ተቋቁሞ «ማን ጠፋ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ዛሬ ማን እንደታሰረ መጻፍ ይቀላል። ለቤተሰቡም ለመንግሥትም የሚቀለው ይኸው ነው።

የጉና ገበሬ በዚህ ክረምትም ማዳበሪያ ለመውሰድ ተሰልፎ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል። አንዳንዱ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋል፤ ጸሐፊውም ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ፍትሕ የሚጀምረው ጸሐፊው እዚያ ላይ ቆሞ «ይህስ ሰው የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው።